የኢቢሴ ቁመት

የሕሩይን ዓይን መጀመሪያ የሳበው በትሩ ነው። የነቀምቴ መናኸሪያ በነሐሴ ዝናብ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ተሳፋሪው በየቆርቆሮው ጥግ ተጠልሎ፣ ረዳቶቹ «አርጆ! አርጆ! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ለባዶ መኪና ሰው ሲጠሩ፣ አንድ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ከዝናቡ ሳይሸሹ ከመኪና መኪና ይዘዋወራሉ። ከእያንዳንዱ መኪና አፍንጫ ፊት ይቆሙና በትራቸውን መሬት ላይ ቀጥ ያደርጉታል። የበትሩን ጫፍ ያያሉ፣ ቀና ብለው የሾፌሩን መስኮት ያያሉ፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። በትሩ ለምርኩዝ ረዝሟል። ከብት ለመንጃ እንዳይባል ደግሞ ተልጎ፣ ጫፉ በመጋዝ ተቆርጦ፣ የተጠነቀቁለት ዕቃ ይመስላል።

«ኦቦ ደረሳ! ይህቺስ አለፈች ወይስ ወደቀች?» አለ አንዱ ረዳት ከሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ።

«ቦሎውን ለጥፉላት እንጂ፣ ማሎ! ባለቤቷ ሥራ ፈታ!» አለ ሌላው።

ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌው አልተቆጡም። «አንተ እፊቷ ቁምላትና እኔ ልንዳት፤ ያኔ እነግርሃለሁ» አሉት። ረዳቱ ሳቁን ሳይጨርስ ዋጠው።

ሕሩይ እዚያው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ በሚባል ሰፈር ጂኦግራፊ ያስተምራል። ሰው ካየ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም፤ ባለቤቱ የሺወርቅ «ሽንኩርት ልኬህ የሰው ታሪክ ይዘህ ትመጣለህ» እያለች ትስቅበታለች። ያን ቀን የተነሣው አርጆ ያለ የታመመ ባልደረባውን ሊጠይቅ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ መስኮት ዳር ሲቀመጥ፣ እኒያው ሽማግሌ ከነእርጥብ ልብሳቸው ገብተው አጠገቡ ሆኑ። በትራቸውን አዘንብለው በጉልበታቸው መሃል ያዙት።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ?» አለ ሕሩይ፣ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ሲል።

«ነጋ። አንተስ ነጋ ነህ?» ብለው ፊቱን ተመለከቱት። «የሸዋ ልጅ ትመስላለህ። በአማርኛ እናውራ፤ እኔ ያረጀሁት ጭነት መኪና ይዤ አዲስ አበባ ስመላለስ ነው።»

«የመጣው አባቴ ነው፤ እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት። መምህር ነኝ።»

«በርሲሳ!» አሉ መምህር ለማለት፣ የሚፈልጉትን ነገር እንዳገኙ ሁሉ። ከዚያ በኋላ በሌላ ስም አልጠሩትም።

ሚኒባሱ ከከተማ ወጣ። መስተዋቱ በሰው ትንፋሽ ተሸፈነና ውጪው ጠፋ። ሕሩይ ትንሽ ታገሠ፣ ከዚያ አልቻለም።

«ኦቦ ደረሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ በትር ምንድን ነው? መኪና ሲለኩበት አይቼ ነው።»

«ባለቤቴ ናት» አሉ።

ሕሩይ በትሩን ደግሞ አየው።

«ቁመቷን ማለቴ ነው። ኢቢሴ ትባላለች። ትባል ነበር። አጭር ነበረች። እኔ እንደምታየኝ ነኝ፤ አብረን ስንሄድ ልጆች ይስቁብን ነበር። ሜቲ ልጃችን ስታድግ በበሩ መቃን ላይ በቢላ ምልክት እናደርግላት ነበር። አንድ ጊዜ ኢቢሴ ራሷ መጥታ መቃኑ ላይ ተለጠፈችና ‹እኔንም ለኩኝ፣ ምናልባት አድጌ ይሆናል› አለች። በሳቅ ሞትን። ሜቲ አልፋት ሄደች፤ የእሷ ምልክት እዚያው ቀረ። በትሩን የቆረጥኩት በዚያ ልክ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሕሩይ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገውም። መንገዱ ረጅም ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ ሽማግሌውም የሚሰማቸው ሰው ካገኙ ሰንብተዋል።

ኦቦ ደረሳ የሚኖሩት ቡርቃ ጃቶ በሚባል የነቀምቴ ሰፈር ነው። በቀለች ከምትባል ጎረቤታቸው ጋር አጥር ለአጥር ናቸው። በቀለችና ኢቢሴ በአንድ መዘምራን የሚዘምሩ፣ አንዷ የሌላዋን ጃንጥላ ይዛ የምትወጣ፣ ለመጣላት እንኳ ጊዜ ያጡ ወዳጆች ነበሩ። የበቀለች ልጅ ገመቺስ የአጎቱን የዋቅወያን ፒክአፕ እየነዳ ከነቀምቴ አርጆ ዕቃ ያመላልስ ነበር። መንዳት ያስተማሩት ደግሞ ኦቦ ደረሳ ናቸው። ፍሪሲዮን አረጋገጡን፣ ማርሽ አገባቡን፣ ከኋላ የሚጭኑትን ሰዎች እንዴት እንደሚሰማ፣ ሁሉንም ከእሳቸው ነው ያገኘው።

ፒክአፑ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደማንኛውም ፒክአፕ ነበር። ዋቅወያ መንገዱ ጭቃ ነው ብሎ ባሌስትራ አስጨመረለት፤ ከፍ አለ። ትልልቅ ጎማ ገዛለት፤ ደግሞ ከፍ አለ። ከብት ይገባብኛል ብሎ ከፓራውልቱ ተነሥቶ ኮፈኑ ድረስ የሚደርስ የብረት አጥር አስበየደለት። ለጭነት ቦታ እንዲተርፈው ብሎ ትርፍ ጎማውን እዚያው ብረቱ ላይ አሰረው። በሰፈሩ እንደዚያ ያለ ግርማ ያለው መኪና አልነበረም። ኢቢሴ እንኳ ባለፈች ቁጥር «ይኼ በሬ ነው ወይስ መኪና?» እያለች አፍንጫውን በመዳፏ ቸብ ቸብ ታደርገው ነበር።

የሞተችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የእህቷ ልጅ አርጆ ወልዳ ስለነበር፣ በቅቤ ያሸችውን የገብስ ጭኮ ቋጥራ በገመቺስ ልትልክላት ወጣች። በዚህ አገር የሚሄድ መኪና ካለ ዕቃ ይላካል፤ ሰውም መኪናም ይህን ለምዶታል። ስትደርስ ሞተሩ ተነሥቷል፣ ከኋላ የበቆሎውን ጭነት እየጨረሱ ነው። በሾፌሩ በር በኩል ውሃ ስለተኛ በመኪናው ፊት ዞረች። እንዳያመልጣትም ብረቱን በመዳፏ ሁለቴ መታችው። ቆይ፣ ቆይ ማለቷ ነው።

ገመቺስ የሰማው ሁለት ምት ነው። ጫኞች ጭነው ሲጨርሱ የመኪናውን ገላ ሁለቴ ይመታሉ፤ ሂድ ማለታቸው ነው። ገመቺስ ሄደ።

«ፍጥነት ብትለኝ ፍጥነት አልነበረም» አሉ ኦቦ ደረሳ። «ሰው በእግሩ የሚሄደውን ያህል እንኳ አልተራመደም። ዝቅ ያለ መኪና ቢሆን እግሯን መትቶ ኮፈኑ ላይ ይጥላታል፤ ጮኻ፣ ተሰብራም ቢሆን ትተርፋለች። ይህ ደረቷን ነው ያገኛት። ቀጥ ያለ ብረት ነው፤ የምትወድቅበት ቦታ የለውም፣ ወደ ሥር ነው የሚያስገባት።»

ሚኒባሱ ውስጥ ከፊታቸው የተቀመጡት ሴት ዞር ብለው አይተዋቸው «ዋቅ!» ብለው ፈጣሪን ጠሩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ልጁ ምን አለ?» አለ ሕሩይ።

«አላየኋትም ነው የሚለው። ለፖሊስ አላየኋትም፣ ለፍርድ ቤት አላየኋትም፣ ለእናቱም አላየኋትም። ሰው በቀን ብርሃን እፊትህ ቆሞ፣ አፍንጫህ ሥር ቆሞ፣ እንዴት አታየውም በርሲሳ? ስልኩን እያየ ነበር ይሆናል። ወይም አይቷታል፣ ትሸሻለች ብሎ ነው። ከሁለት አንዱ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ እንቅልፍ የለኝም።»

ገመቺስ በዋስ ተለቅቆ አርጆ አጎቱ ቤት ተቀምጧል። ወደ ቡርቃ ጃቶ አይመለስም፤ አይችልም። ደም ከፈሰሰ በኋላ ሁለቱን ቤቶች የሚያስታርቀው ጉማ እስኪፈጸም ድረስ የገዳይና የሟች ቤት አንድ ውሃ አይጠጡም፣ ቃል አይለዋወጡም፣ ቢቻል በአንድ መንገድ አይገናኙም። በቀለች ኦቦ ደረሳን ከሩቅ ካየች ተመልሳ በሌላ መንገድ ትዞራለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራኑ ወጥታ በር ላይ ትቀመጣለች። ወዳጇ ስትቀበር ያለቀሰችው ከመቃብሩ አጥር ውጪ ቆማ ነው።

«ሽማግሌዎች ለዕርቅ እርጥብ ሣር ይዘው መጡ። ‹ምን ትጠይቃለህ?› አሉኝ። ‹ልጁ ዋሽቶ ከሆነ ከእኔ ጋር አይታረቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ይቅር። እውነቱን ከሆነ ይግባ። ይህን ደግሞ የማውቀው መሪው ላይ ስቀመጥ ነው፤ በዚያችው መኪና። ሌላ የምፈልገው የለም› አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። እንደዚህ ያለ ጉማ ሰምተው አያውቁም። በኋላ እሺ አሉ።»

«እና ዛሬ ወደዚያ ነው የሚሄዱት?»

«አዎ። ከመኪናው ፊት የሚቆመው ሰው ግን ከሁለቱም ወገን መሆን የለበትም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጉሉማ፣ ሊመጣ ነበር፤ ጠዋት ወገቤን ያዘኝ ብሎ ቀረ። ብቻዬን ወጣሁ።» በትራቸውን ወደ ሌላኛው ጉልበታቸው አዘነበሉት። «በርሲሳ፣ አንተ ከዋቅወያ ጋር ትዛመዳለህ?»

«እኔ? በየት በኩል ብዬ!»

«ከእኛስ?»

«አልዛመድም።»

«እንግዲያው አንተ ትሆናለህ» አሉ፤ ልመናም ትእዛዝም ሊባል በማይችል ድምፅ። ሕሩይ የታመመ ባልደረባውን አሰበ። እምቢ የሚልበትን ቃል ፈለገ፣ አላገኘም።

አርጆ ጭጋግ ውስጥ ነበረች። የዋቅወያ ግቢ ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቅም። ዋቅወያ እያነከሰ መጥቶ በሩን ከፈተ። ከኦቦ ደረሳ ጋር እጅ አልተጨባበጡም፤ ለሕሩይ ግን እጁን ዘረጋ። ፒክአፑ ግቢው መሃል ላይ ታጥቦ ቆሟል። ሕሩይ እስኪያየው ድረስ በልቡ ትልቅ ነገር ይጠብቅ ነበር፤ መኪናው ትልቅ አልነበረም፣ ከፍ ያለ ነበር እንጂ። የብረቱ አጥር ጫፍ የሕሩይን ደረት ይነካል፤ የታሰረው ጎማ ከዚያም በላይ ወጥቷል።

«ሁሉ ነገሯ እንዳለ ነው» አለ ዋቅወያ። «ፖሊስም መርምሮ እንከን የለባትም ብሎ ነው የመለሰልኝ። ፍሬኗ ይይዛል። ይህ ብረት ደግሞ ጌታ ነው! አምና ከድልድይ ግንብ ጋር ተጋጭቼባት ጭረት አልነካትም።»

«እርስዎስ?» አለ ሕሩይ፣ እግሩን እያየ።

«እኔማ ጉልበቴ ተሰበረ። መሪው ደግሞ የጎን አጥንቴን ሰበረው። ግን መኪናዋን ብታያት! መብራቷ እንኳ አልተሰነጠቀም!»

«እሷ አልታጠፍ ስላለች ነዋ አንተ የታጠፍከው» አሉ ኦቦ ደረሳ።

ዋቅወያ ሊስቅ ፈልጎ አፉን ከፈተ። ከዚያ ጉልበቱን አሻሸ።

ከቤቱ ውስጥ የሰው ሳል ተሰማ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ በዝግታ ተዘጋ። ገመቺስ መሆኑን ሁሉም አወቁ፣ ማንም ወደዚያ አላየም።

ኦቦ ደረሳ ከኮታቸው ኪስ አንድ ቢጫ ሻሽ አወጡ። አበቦቹ በመታጠብ ደብዝዘዋል። በትሩ ጫፍ ላይ፣ ሴት ራሷ ላይ እንደምታስረው አድርገው፣ ከኋላ ቋጥረው አሰሩት። በትሩን ለሕሩይ ሰጡትና በመኪናው በር ላይ ያለውን እጀታ ይዘው ወጡ። እሳቸው እንኳ፣ በዚያ ቁመታቸው፣ ለመውጣት ሁለቴ ተንጠራርተዋል።

ሕሩይ ከመኪናው ፊት ሄዶ በትሩን አቆመው። ከእሱ በኩል ሲታይ ሻሹ ከብረቱ ጫፍ ከፍ ብሏል። በመስተዋቱ ውስጥ የሽማግሌው ፊትና ትከሻ ይታየዋል። እኔ እሳቸውን ካየሁ እሳቸው ሻሹን ያያሉ ብሎ አሰበ። እንግዲያው ልጁ ዋሽቷል። የተዘጋውን በር ዞር ብሎ አየው።

«ቆማለች?» አሉ ኦቦ ደረሳ በመስኮቱ።

«ቆማለች!»

«የት?»

«እፊት ለፊትዎ!»

ሽማግሌው ወገባቸውን አቃንተው ተቀመጡ፣ አንገታቸውን አሰገጉ። «አንተን አይሃለሁ፣ ከደረትህ በላይ። እሷ የት ናት? ወደ ቀኝ አድርጋት።»

ሕሩይ ወደ ቀኝ ወሰደው።

«ወደ ግራ።»

ወደ ግራ ወሰደው።

«ወደ ኋላ ሂድ። ደግሞ ሂድ። ሂድ በርሲሳ።»

ሕሩይ በትሩን እያቆመ እያነሣ፣ ጀርባው የግቢውን አጥር ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ አፈገፈገ። ያኔ ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። «እሷው ናት» አሉ። «ሻሹን አየሁት። በል መልሳት።»

ሕሩይ መልሶ አመጣው። እየቀረበ ሲመጣ የኦቦ ደረሳ ዓይን ሻሹን ተከተለው፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ጠፋባቸው። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ኮፈኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመሩ። ሻሹ ግን ከጎማው ጀርባ እዚያው ነበር፣ ሕሩይ እጅ ውስጥ።

«ምታው» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ብረቱን። በመዳፍህ፣ ሁለቴ። እሷ እንደመታችው።»

ሕሩይ ዋቅወያን አየው። ዋቅወያ መሬት መሬት ያያል። ሕሩይ እጁን አነሣና ብረቱን መታው፤ አንዴ፣ ደግሞም አንዴ። ድምፁ በመኪናው ገላ ውስጥ አልፎ ከኋላ በኩል ወጣ። ከየት እንደተመታ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው እንኳ ያሳስታል።

በመስተዋቱ ውስጥ የሽማግሌው ግራ ትከሻ ዝቅ ሲል ታየው፤ እግራቸው ፍሪሲዮን ረግጧል። ቀኝ እጃቸው ማርሹ ላይ ወርዶ ወደፊት ገፋው። ሞተሩ አልተነሣም፣ መኪናው የትም አልሄደም። ኦቦ ደረሳ እጃቸውን አዩት። የሌላ ሰው እጅ የሆነ ይመስል ለረጅም ጊዜ አዩት።

ሲወርዱ አንድ ሰው ደግፎ ማውረድ ነበረበት፤ ያወረዳቸውም ሕሩይ ነው። መሬት ረግጠው ትንሽ ቆሙ።

«ከፍ ብለህ ስትቀመጥ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ሁሉን የምታይ ይመስልሃል። እኔ በዚያ ወንበር ስኮራ ኖሬያለሁ።»

ወደተዘጋው በር ዞሩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሥርዓቱ ግን አይፈቅድም፣ መለሱት። ከዚያ ወደ ዋቅወያ ዞሩ። ለዋቅወያ ቃል መናገር በሽማግሌዎቹ ተፈቅዶላቸዋል።

«ይህን ብረት አውልቀው።»

ዋቅወያ ጉልበቱን እንደገና አሻሸ። «ኦቦ ደረሳ፣ እኔ ልሸጣት ነው። ዓይኔ ሊያያት አልቻለም። የጊምቢ ሰው ነው፣ አይቷት ወስኗል።»

«እንግዲያው ከመሸጥህ በፊት አውልቀው።»

«የወደዳት በብረቱ ነው። ብረቷ ከወለቀ ምኗን ብዬ እገዛታለሁ ብሎኛል። የእሱም መንገድ ከብት ይበዛበታል።» ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ምናልባት የሚያሳዝነው ይህ ነው። የተሰበረ እግሩን ጎትቶ ብረቱን ተደግፎ ቆመ።

ኦቦ ደረሳ ብረቱን አዩት። «የጊምቢው ሰው» አሉ በመጨረሻ፣ «ሚስቱ ረጅም ናት?»



ሁለቱ ጭጋጉ ውስጥ ወደ ዋናው መንገድ ወጡ። ሕሩይ ባልደረባውን አይቶ በከሰዓቱ መኪና ይመለሳል፤ ኦቦ ደረሳ ግን የኢቢሴ የእህት ልጅ ቤት ያድራሉ። ሕፃኗን ገና አላዩአትም። ጭኮው ያን ቀን ጭቃ ውስጥ ፈስሶ ቀርቷል፤ ባዶ እጃቸውን ናቸው።

መገንጠያው ላይ ቆሙ። ሻሹን ከበትሩ ፈቱት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በትሩን ግን ምን እንደሚያደርጉት ያወቁ አይመስሉም፤ ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«በርሲሳ፣ ስትመለስ ቡርቃ ጃቶ ጎራ በል። የበቀለችን ቤት ማንም ያሳይሃል። እኔ ጉማው እስኪያልቅ ላናግራት አልችልም፤ ሽማግሌዎቹን ከጠበቅሁ ደግሞ ይዘገያል። እናት ናት፣ ሌላ ሌሊት በጭንቀት አትደር።»

«እሺ ኦቦ። ምን ልበላት?»

«ልጅሽ አላያትም በላት።»

እጁን ጨብጠው ጥቂት ተራመዱ። ከዚያ ቆሙና ፊታቸውን ሳይመልሱ ተናገሩ።

«ደረሳም ተቀምጦ አየ፤ እሱም አላያትም በላት።»